ከጠፈጠፍ ሥር የቆመ ሰው

ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ከአንድ የሣር ክዳን ቤት ጥግ ተጠግታችሁ ታውቃላችሁን? ተጠግታችሁ እንደ ሆነ፣ ውሃው ከክዳኑ ጫፍ እየተንጠፈጠፈ በቤቱ ዙሪያ ቀጭን ቦይ ሲቈፍር፣ በቦዩና በግድግዳው መካከልም አንድ ሰው ጀርባውን አስደግፎ ሊቆምባት የሚችል ጠባብ ደረቅ መሬት ስትቀር አይታችኋል። የከተማ ልጆች ሆናችሁ ከቆርቆሮ ሥር ያደጋችሁም ብትሆኑ፣ ዝናብ መንገድ ላይ ይዟችሁ ከሱቅ ክፈፍ ሥር መጠለላችሁ አይቀርምና ቦታዋን አታጧትም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች ጠባብ መሬት ነው። በእርሷ ላይ የሚቆም ሰው በእንግሊዝ አገር የራሱ ስም ወጥቶለታል፤ በፍርድ ቤትም ተከሶባታል። እኔም በልጅነቴ አንድ ቀን ቆሜባታለሁ።

ነገሩ የተነሣው በክፍል ውስጥ ነው። በአንበሳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንበሳሜን የማያውቅ ቢኖር፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ከሐሙሲት ላይ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ታጥፈው የሚያገኟት የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ይቋረጣል፤ መምህሩ ቢጮኽም ከሁለተኛው ወንበር ወዲያ አይሰማም። በእንዲህ ያለ ቀን ተማሪዎቹን ጸጥ ብለው ምንባብ እንዲያነቡ አዘዝኋቸው። ዝናቡ ሲያባራ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ኢቭዝድሮፕ ማለት ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ተደብቆ የሰው ነገር ማድመጥ» ብዬ መለስሁላት። ወዲያው ከኋላ ወንበር አንዱ «ጆሮ ጠቢ ነዋ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉም በሣቅ ተሞላ። እኔ ግን እንደ እነርሱ መሣቅ አልቻልሁም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በዚያን ዕለት ማታ የቃሉን ዘር መፈለግ ጀመርሁ።

ያገኘሁት ይህ ነው። «ኢቭዝ» ማለት ከግድግዳው አልፎ የሚወጣው የክዳን ጠርዝ ነው። «ድሮፕ»፣ በጥንቱ አነጋገር «ድሪፕ»፣ ጠብታ ነው። ሁለቱ ተጋጥመው መጀመሪያ ያስገኙት ቃል ማድመጥን ከቶ አያመለክትም ነበር፤ ከክዳን የሚወርደውን ውሃና ውሃው የሚያርፍበትን መሬት ብቻ ነበር የሚያመለክተው። እንግዲህ በአማርኛችን ቁርጥ ያለ ተመሳሳይ አለው፤ ይኸውም ጠፈጠፍ ነው። እኛም ጠፈጠፍ ስንል ውሃውንም እንላለን፣ ሥፍራውንም እንላለን። ሁለት ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ከአንድ ዓይነት ክዳን ሥር ስለ ኖሩ ብቻ አንድ ዓይነት ቃል ማውጣታቸው ደስ ያሰኛል።

እ.ኤ.አ. በ868 ዓ.ም. በኬንት አገር የተጻፈ አንድ የመሬት ሰነድ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ለጠፈጠፉ ሁለት ጫማ መሬት መተው እንደሚገባው የአገሩን ልማድ ይጠቅሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአንዱ ክዳን ውሃ በሌላው መሬት ላይ እንዳይወርድ ነው። በዚህች በምኖርባት ከተማ በቆርቆሮ ውሃ የተጣሉ ጎረቤቶች በሽማግሌ ሲታረቁ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ሕጉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያረጀ መሆኑ አላስደነቀኝም። ሰው መሬት ባጠረው ቁጥር መጀመሪያ የሚጣላው በጠፈጠፍ ነው።

ታዲያ ያች ሁለት ጫማ መሬት የማንም ያልሆነች ትመስል ነበር። ባለቤቱ አይዘራባት፤ ጎረቤቱም አይሻገርባት። በሌሊት ግን አንድ ሌላ ሰው ይቆምባት ጀመር። ዝናብ ባይኖርም፣ ከክዳኑ ጥላ ሥር ገብቶ ጆሮውን በግድግዳው ወይም በመስኮቱ ላይ ለጥፎ በውስጥ የሚነገረውን ይሰማል። በ15ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ የከተማ ችሎቶች መዝገብ ላይ ይህ ሰው «ኢቭዝድሮፐር» ተብሎ በወንጀለኛነት ተጽፎ ይገኛል፤ «የጠፈጠፍ ሰው» እንደ ማለት ነው። ሼክስፒርም በሪቻርድ ሣልሳዊ ተውኔቱ ቃሉን በንጉሡ አፍ አድርጎታል፤ ንጉሡ በጦርነቱ ዋዜማ ከወታደሮቹ ድንኳን ሥር ሄዶ፣ ማን ሊከዳው እንዳሰበ ለመስማት ይነሣል። ባለ ዘውዱ ራሱ ጆሮ ጠቢ ሲሆን ማየት ነው።

የታወቀው የእንግሊዝ የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን፣ እ.ኤ.አ. በ1769 በታተመው በአራተኛው የሕግ መጽሐፉ ውስጥ ይህን ሰው ሕዝብን ከሚያውኩ ጋር ይቈጥረዋል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ብላክስቶን ወንጀሉን በመስማት ብቻ አላቆመውም። ሰውየው ከግድግዳ ሥር ሆኖ የሰማውን ይዞ ስም የሚያጠፋና ሰውን የሚያጣላ ወሬ ይሠራበታል ይላል። ቅጣቱም የገንዘብ መቀጮ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ለወደፊቱ በመልካም ጠባይ ለመኖሩ ዋስ እንዲጠራ ይታዘዛል። ይህ ዋስ የመጥራቱን ነገር እባካችሁ አትርሱት፤ እመለስበታለሁ። ሕጉ በእንግሊዝ አገር የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. ነው። የሚያስቀው ደግሞ በዚያው አንቀጽ ላይ፣ በጎረቤት ላይ ዘወትር የምትነዘንዝና የምትሳደብ ሴት የምትከሰስበት የጥንት ወንጀልም አብሮ መሻሩ ነው። የጠፈጠፉ ሰውና ነዝናዛዋ ሴት ከሕግ መጽሐፍ በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እንግሊዞች ሰውየውን በቆመበት ሥፍራ ሲጠሩት እኛ በጆሮው ጠራነው። ጆሮ ጠቢ የሚለውን ቃል እኔ እንደምሰማው፣ ጥጃ ከላሚቱ ሥር ገብቶ እንደሚጠባ ሁሉ፣ ሰውየው በጆሮው የሰው ነገር የሚጠባ ይመስለኛል። የጠባውን ደግሞ ወስዶ ለሌላ ይሰጣል። ለዚህም አማርኛ የቃል ድኻ አይደለም፤ አሳባቂ አለ፣ ነገር አመላላሽ አለ፣ ሰላይ አለ። እንግሊዝኛው የቆመበትን መሬት ሲረግም የእኛው የሚረግመው የተሸከመውን ነው። በእኛ ዘንድ ሳያስበው የሰማና በሆዱ የያዘ ሰው ስም አልወጣለትም፤ እንዲያውም ጨዋ ይባላል።

በእኛ ልማድ ከጠፈጠፍ ሥር ድንገት ቆሞ መገኘት እንዳይመጣ የሚከለክል አንድ ሥርዓት አለ። ሰው ወደ ሰው ግቢ ሲመጣ ገና ከአጥሩ በር ሳለ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ውስጥ ያሉትም «ማነው? ግባ!» እስኪሉት ድረስ አይጠጋም። እኔ ይህን ብዙ ዘመን ተራ ሰላምታ ብቻ አድርጌ እቈጥረው ነበር። አሁን ግን ትርጉሙ «መጥቻለሁና የምትነጋገሩትን አቁሙ፤ ልብሳችሁንም አስተካክሉ» ማለት እንደ ሆነ ገባኝ። ጥሪው ከክዳኑ ጠርዝ ሳይደርሱ የሚደረግ ነው። ሳል የሚያሰሙም አሉ። ተጣርቶ የመጣ ሰው እንደምን ብሎ ጆሮ ጠቢ ይባላል?

ደግሞም ገመና የምንለው ቃል አለ፤ ገበና የሚሉትም አሉ። ይህን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ስሞክር ብዙ ተቸግሬአለሁ። ነውር ብቻ አይደለም፤ ምሥጢርም ብቻ አይደለም። የቤቱ ማጣትና ማግኘት፣ የባልና የሚስት ቅያሜ፣ የልጅ በሽታ፣ ከአጥር ውጭ ሊታይ የማይገባው ሁሉ ገመና ነው። ገመና ደግሞ የሚሸፈነው በባለቤቱ እጅ ብቻ አይደለም። በሐምሌ ወር እህል ያለቀባት ሴት ከቤቷ ጭስ ሳይወጣ ሲቀር፣ ጎረቤቷ አይታ በምሽት ዱቄት በልጅ እጅ ትልክላታለች፤ በማግሥቱ በውሃ መንገድ ሲገናኙ ግን ምንም እንዳላየች ሆና ስለ ዝናቡ ታወራለች። ጎረቤትየዋ ገመና ሸፈነች ይባላል። ስለዚህ «ለግል ነገር የሚሆን ቃል የለንም፤ አሳቡ ከውጭ የመጣ ነው» የሚሉኝን ባልንጀሮቼን አልቀበላቸውም። ቃሉ ነበረን። ነገር ግን ቃሉ የቤት ነው እንጂ የሰው አይደለም፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በአሥር ዓመቴ ነው፤ አሁን ልንገራችሁ።

የተወለድሁት ጉማራን ተሻግሮ በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። አገሩ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ጥጆች ጠብቄ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ከደጃችን ስደርስ የእንግዳ በቅሎ ታስራ አየሁ። እንግዳ ባለበት ቤት ጭቃ የለወሰው ልጅ ዘው ብሎ አይገባምና፣ በጓሮ ዞሬ ከጠፈጠፉ ሥር ቆምሁ። አንዱን ጥጃ በገመዱ ይዤዋለሁ። ከራሱ ቤት ደጅ ሆኖ «ቤቶች!» የሚል ልጅ የለምና አልተጣራሁም። የሣር ክዳን ደግሞ ዝናቡን ውጦ ዝም ይላል እንጂ እንደ ቆርቆሮ አይጮኽም፤ ስለዚህ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የሚነገረው ሁሉ ቃል በቃል ይደርሰኝ ነበር።

የመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ታላቅ እኅቴን ለጥር ሊድሯት ይነጋገራሉ። የሙሽራውን ስም አልሰማሁም፤ የሚሰጡትን ከብቶች ቍጥር ግን ሰማሁ። አባቴ በመጨረሻ «እንግዲህ እስከ መስከረም ድረስ በመካከላችን ይሁን» አለ። እታለም በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ዝናቡ ካባራ በኋላ እታለም ውሃ ቀድታ ስትመጣ ከመንገድ ጠበቅኋት።

«ለጥር ሊድሩሽ ነው» አልኋት።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። ሰማሁ።»

«ከየት ሆነህ?»

«ከጠፈጠፍ ሥር።»

እንስራውን ከጀርባዋ ሳታወርድ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ። እኔም አልተናገርሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በወረታ የገበያ ቀን ቅቤ ልትሸጥ ሄዳ በዚያው መኪና ተሳፍራ ባሕር ዳር ከእናቴ እኅት ዘንድ ገባች። ቅቤው ለመሳፈሪያ ሆነ።

አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃሉን አጠፈ። ለገበሬ ይህ እንደ ምን ያለ ውርደት እንደ ሆነ የገጠር ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ነገሩ በማን እንደ ወጣ ሲመረምር እኔ ዘንድ ደረሰና ሳልዋሽ ተናገርሁ። ዱላ አነሣ፤ እናቴ በመካከላችን ገብታ ቆመች። አልመታኝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ በስሜ አልጠራኝም። «ያ ጆሮ ጠቢ ከብቶቹን አስገባ?» እያለ ነበር የሚጠይቀው። ተማሪው ከኋላ ወንበር ሲጮኽ ያልሣቅሁበት ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው።

ብላክስቶን ቢኖር ይፈርድብኝ ነበር፤ ቆሜ ሰማሁ፣ ወስጄም ተናገርሁ፣ ቤትም አጣላሁ። የአገሬም ልማድ ፈረደብኝ፤ የአባቴን ገመና አውጥቻለሁና። ሁለቱም ፍርድ እውነት አለው። ዳሩ ግን ከውስጥ የሚመከርበት ነገር የማን ነገር ነበር? ስለ እታለም አካልና ዕድሜ በዚያ ቤት ሲነገር፣ ምሥጢሩ የተደበቀው ከመንደሩ ሳይሆን ከእርሷ ነበር። ገመና ቤቱን ከውጭ ሰው ይሸፍናል፤ በቤቱ ውስጥ ያለችውን ልጅ ከቤቱ ራሱ ለመሸፈን ግን አልተበጀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ኋላ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ዕድሜውን 18 አድርጎታል። አባቴ ግን በዚያን ቀን የተመራው በሁለቱም አልነበረም።

እንግሊዞች «ፕሪቫሲ» የሚሉት ቃል እዚህ ላይ ይመጣል። ዘሩ ላቲን ነው፤ ከሌላው የተለየ፣ ከሕዝብ ሥራ የተነጠለ ማለት ነው። በጥንት ሮማውያን ዘንድ ሹመት የሌለው ተራ ሰው በዚህ ቃል ይጠራ ነበርና፣ ቃሉ ሲወለድ ክብር ብዙም አልነበረውም፤ የጎደለበት ሰው ስም ነበር። ወደ መብትነት ከፍ ብሎ የተጻፈው በብዙ ዘመን ቈይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ዓ.ም. ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት የቦስተን ጠበቆች፣ ጋዜጣና ፈጣን የፎቶግራፍ መሣሪያ የሰውን የቤት ኑሮ ወደ አደባባይ ማውጣታቸውን አይተው፣ ሰው ሳይነካ ብቻውን የመተው መብት አለው ብለው በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ጻፉ። በ1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ ሲያጸድቅ በ12ኛው አንቀጽ ላይ የሰው የግል ኑሮ፣ ቤተ ሰቡ፣ ቤቱና ደብዳቤው ያለ አግባብ እንዳይደፈር ተጻፈ፤ አገራችን ኢትዮጵያም ድምፅዋን ከሰጡት አንዷ ናት።

በእኛም የሕግ መጻሕፍት ቃሉ ቀስ እያለ ሲያድግ ማየት ይቻላል። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕግ ካልፈቀደ በቀር ቤት እንዳይበረበር፣ የደብዳቤም ምሥጢር እንዳይደፈር ደነገገ። አስቡት፤ በዚያ ዘመን ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ደብዳቤ ሲደርሰው የሚያነብለት ተማሪ ወይም ካህን ይፈልግ ነበር። እኔ ራሴ በልጅነቴ የጎረቤት ደብዳቤ አንባቢ ነበርሁ፤ ከዐረብ አገር ሴት ልጅ የላከችውን ለእናቷ እያነበብሁ፣ እናትየዋ ስታለቅስ ወረቀቱን አጥፌ እንደ ገና እስክታዝዘኝ እጠብቅ ነበር። ያነበብሁትን ዛሬም አልናገርም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ31ኛው ቍጥር ላይ የምሥጢር ደብዳቤ የደረሰው ሰው እንኳ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ለሌላ እንዳይገልጸው ያዝዛል፤ በ27ኛው ቍጥር ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይሰቀልና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይህን ሕግ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው እርስ በርሳቸው ተያዩና እያንዳንዱ ስልኩን ከኪሱ በታች ገፋ አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 26ኛ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ግላዊነት የሚለው ቃል ራሱ ይገኛል፤ ጥበቃውም በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እስከሚደረገው ግንኙነት ድረስ ይዘልቃል። ግላዊነት ለጆሮዬ ገና አዲስ ጫማ ነው፤ ይጮኻል። ነገር ግን ገመና ያልሸፈናትን ያችን ልጅ የሚሸፍን ሌላ ቃል አላገኘሁም።

የመንግሥት ጆሮ ነገር ደግሞ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቤቶች አዋጅ ቀበሌን ካቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ፈርቶ በገዛ ጓዳው በሹክሹክታ ይናገር እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። በ2006 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ የስልክና የኢንተርኔት ክትትልን የሚመለከት ሰፊ ሪፖርት አወጣ፤ ርእሱ ሲተረጐም «የምናደርገውን ሁሉ ያውቃሉ» ይላል። እንዲህ ያለውን ጆሮ ከጠፈጠፍ ሥር አታገኙትም፤ «ቤቶች!» ብሎም አይጣራም። ስልክ ተጠለፈ እንላለን፤ ልጅቱ ተጠለፈች ስንል የምንናገርበት ያው ቃል መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ ቍጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁ በየቢሮው ለምትሠሩ ለእናንተ ወጣት ሠራተኞች በተለይ የተጻፈ ያህል ነውና ፈልጋችሁ አንብቡት፤ የባለ ጉዳዩ ፋይል በጠረጴዛችሁ ላይ ተከፍቶ ሲያድር ገመናው አብሮ ተከፍቶ ያድራል።

ሕዝቡ ግን ጆሮ ጠቢን ሲጠብቅ የኖረው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ በቋንቋም ነው። ሰምና ወርቅን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የእኛው የጎንደር አገር አዝማሪዎች የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ ያላቸው መሆኑ ነው። በሰው ድግስ መካከል ተቀምጠው፣ ባለቤቱ እየሰማ፣ ስለ ባለቤቱ ስስት ወይም ስለሚያገኙት ገንዘብ ይነጋገሩበታል። ዎልፍ ሌስላው የተባለው የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1952 ዓ.ም. ስለዚሁ የአዝማሪዎች ቋንቋ ጽፏል፤ በ1964ም ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ምሥጢሩ በመጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ አዝማሪዎቹ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ከአንበሳሜ ባሕር ዳር በሚወስደው ሚኒባስ ተሳፈሩና ስሙ፤ አንዱ የወንድሙን ዕዳ፣ አንዷ የባሏን ጠባይ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ በስልክ ትናገራለች። ከጠፈጠፍ ሥር መቆም አያስፈልግም፤ ጠፈጠፉ ራሱ ሂሳብ ከፍሎ አጠገባችሁ ተቀምጧል። እኔም የተከራየሁት ክፍል ከጎረቤቴ የሚለየው በአንድ ኮምፔንሳቶ ነው። እርሱ የእኔን ሬዲዮ ይሰማል፤ እኔ የእርሱን ጸሎት እሰማለሁ። ጠዋት ስንገናኝ ሁለታችንም ምንም አልሰማንም። የተስማማንበት ቀን የለም፤ እንዲሁ ሆነ።

እታለም ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ይህን ታሪክ ልጽፍ እንደ ሆነ ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና «ስሜንና የምሠራበትን አገር ካልጻፍህ ጻፍ» አለችኝ። እታለም ብዬ የምጠራት እንግዲህ ስሟ ሆኖ አይደለም።

አባቴ ባለፈው ሰኔ ሊጠይቀኝ ወደ አንበሳሜ መጣ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎች ፈተና ሳርም እያየኝ እንኳ፣ ከግቢው በር ቆሞ «ቤቶች!» አለ። ተነሥቼ አስገባሁት። ቡና እስኪፈላ ድረስ ስለ ሩዙና ስለ ከብቶቹ ከነገረኝ በኋላ፣ ከፊቴ የተከመረውን ወረቀት አይቶ የምጽፈው ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ስለ እንግሊዝኛው ቃል፣ ስለ ሁለቱ ጫማ መሬትና ስለ ፍርድ ቤቱ ነገርሁት። ስለ ሌላው አላነሣሁም፤ እርሱም አላነሣም። በጥሞና ከሰማኝ በኋላ፦

«ለእንዲህ ያለው ሰው ቅጣቱ ምን ነበር?» አለኝ።

«ገንዘብ ይከፍላል፣ አባባ። ደግሞም ዋስ ይጠራል።»

«ዋስ!» ብሎ ፈገግ አለ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ መሰማማት እንዳይጠፋ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ተናገረ።

«እንግዲያ የአንተ ዋስ እናትህ ነበረች» አለና ስኒውን አነሣ።